«ለምን ፈለግከው?» ስለ ፋይዳ፣ ስለ ዳታ ጥበቃ አዋጁና ስለ ገበና

ከእንጦጦ ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንም ሆነ ወደ ጉራራ ሲወጣ፣ ሰው ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ የሚመጣ የለም፤ ይዞ ቢመጣም ብዙ አይጠቅመውም። የሚደረገው ሱቅ በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ነው፦ «የእነ እገሌ ቤት የት ነው?» ባለሱቁ ወዲያው አይመልስም። ከእግር እስከ ራስ ያያችሁና «ለምን ፈለግከው?» ይላል። መልሱ ካላሳመነው እያወቀ «አላውቅም» ይላል። ካሳመነው ደግሞ አንድ ልጅ ጠርቶ «ና እስኪ፣ እነ እገሌ ቤት አድርሰው» ይላል። ልጁ ቀድሞ ገብቶ እንግዳ መምጣቱን ይናገራል፤ በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ባለሱቁ ያደረገውን ነገር እኛ በሙያችን ስንሠራው ብዙ ገጽ ሰነድና ብዙ ስብሰባ ይፈጃል። ማን ነህ? ለምን ፈለግከው? ባለቤቱስ ያውቃል? እሱ ሦስቱን በአንድ ደቂቃ ጨርሶ ስኳር መመዘኑን ይቀጥላል። የግል ዳታ ጥበቃ ሕጎች፣ የአውሮፓውም የኬንያውም የእኛውም፣ ሥራቸው ተቆፍሮ ሲታይ የሚገኘው እዚያው ሱቅ በር ላይ ነው። ስለ ሰው የሚታወቅ ነገር የሚሰጠው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ለሌላ ዓላማ ከተፈለገ እንደገና መጠየቅ አለበት።

እኛ ዘንድ አሁን ሁለት አዋጆች አሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ ሁላችንም «ፋይዳ» እያልን የምንጠራው ነገር የሚመራበት። ሁለተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስለሁለቱ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ በጠበቃ ቋንቋ ወይም በማስታወቂያ ቋንቋ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ላነባቸው እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ቃል መረጡ፣ ማንን እንደ ባለጉዳይ አሰቡ፣ ምን ሳይሉ ቀሩ እያልኩ። ክርክሬ አንድ ነው፦ አዋጆቹ የባለሱቁን ጥያቄ በወረቀት ላይ በደንብ ጽፈውታል፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀውን ሰው ግን አላስቀመጡም።

ዳታ፣ መረጃ፣ ገበና

ከርዕሱ እንጀምር። «የግል ዳታ» ይላል፤ «የግል መረጃ» አይልም። ምርጫው ያለምክንያት አይመስለኝም። «መረጃ» በአማርኛ ከባድ ጓዝ ተሸክሟል። «የመረጃ ሰው» ሲባል ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱም ስሙ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ነው። ሰው ከስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መረጃ አለ» ሲል ስለ ዳታቤዝ እያወራ አይደለም። ስለዚህ ሕግ አውጪው ንጹሕ ቃል ፈለገ፤ «ዳታ» አለ።

ችግሩ ቃሉ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ባዶም መሆኑ ነው። መገናኛ ታክሲ ውስጥ «ዳታ አለህ?» ብትሉ ጎረቤታችሁ የኢንተርኔት ጥቅል እንደገዛ ይነግራችኋል። «ዳታዬ አለቀ» ማለት ሜጋባይት አለቀብኝ ማለት ነው። አንዲት እናት «የግል ዳታዎ ወጥቷል» ቢባሉ «ታዲያ ካርድ ልሙላ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በሕጉ ውስጥ የተጠበቀው ነገርና ሰው ሲወጣበት የሚያመው ነገር በአንድ ቃል አልተገናኙም።

የሚያመው ነገር ስም አጥቶ አይደለም። ገበና ይባላል። ገበና ደግሞ ከምስጢር ይለያል። ምስጢር ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ገበናን ግን ግቢው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል፤ ባልና ሚስት መጣላታቸውን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መባረሩን፣ አባወራው ብድር ውስጥ መግባቱን። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ከበር ውጭ ግን አይወጣም። «ገበናዬን አወጣው» የሚል ሰው ቅሬታው «ለምን አወቅክ» የሚል አይደለም፤ «ለምን ወዲያ አሻገርከው» የሚል ነው።

ሔለን ኒሰንባውም የምትባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ አስረድታለች፦ ግላዊነት ማለት መረጃን መደበቅ ሳይሆን፣ መረጃው በተሰጠበት ቦታ ደንብ መሠረት መሄዱ ነው። ለሐኪም የተነገረ ለሐኪም፣ ለባንክ የተነገረ ለባንክ። የእኛ እናቶች ይህን ለማወቅ መጽሐፉን አልጠበቁም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና ግላዊነትን ያስከብራል፤ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ከእሱ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ከልክሏል። እንግዲህ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አዲስ የሆነው ፍጥነቱ ነው፤ ገበና ከበር ለመውጣት ድሮ ሰው ያስፈልገው ነበር፣ ዛሬ ግን አንድ መስመር ትዕዛዝ ይበቃዋል።

ለየበሩ አንድ ስም

ፋይዳ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። እኛ አገር ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ኖሮት አያውቅም። ቤት ውስጥ «ማሙሽ» ወይም «ሚሚ» የሚባል ሰው አለ። ትምህርት ቤት ሲገባ የመዝገብ ስም ይወጣለታል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ የክርስትና ስም አለ፤ ለንስሐ አባትና ለቤተ ክርስቲያን የሚነገር፣ ለማንም የማይዘረገፍ። ብዙ እናቶች የልጃቸውን የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው አይናገሩም፤ መተተኛ በስም ይሠራል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱን እንደ አጉል እምነት ልታዩት ትችላላችሁ። እኔ ግን እንደ ሲስተም ሠሪ ሳየው ከውስጡ ትክክለኛ እውቀት አገኛለሁ፦ አንተን ለይቶ የሚያመለክተውን ቁልፍ ለሁሉ አትስጥ፤ የሚሰጠው ሌላ ስም ይኑርህ።

ይህ ነገር ሕይወት እንዳተረፈ ለማየት እንጦጦ ማርያም መውጣት ይበቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘ ብዙ ሰዎች ወደዚያ ጸበል ይመጡ ነበር፤ ከአገሩ ዳር ድረስ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ወራት ይቆያሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ከታወቀ አከራይ ያስወጣ ነበር፣ አሠሪ ያባርር ነበር፣ ዘመድ ሳህን ይለይ ነበር። ጸበሉ ጋ ካህኑ የሚጠይቀው የክርስትና ስም ነው። «ወለተ ማርያም» ብሎ የተጠመቀችውን ሴት የመሥሪያ ቤቷ መዝገብ አያውቃትም። ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ሆስፒታሉ በመዝገብ ስሟ ካርድ አወጣላት። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መክረዋል። ሴትዮዋ ሁለቱንም ወሰደች፤ ሁለቱ መዝገቦች ግን አልተገናኙም። ያለመገናኘታቸው ነበር ጥበቃዋ።

መንግሥት ስማችንን አንድ መልክ ለማስያዝ ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው፣ በመንግሥት ሰነድ ላይም በቅድሚያ እሱ እንደሚጻፍ ደንግጎ ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ አለፈው፤ እኛ ግን ዛሬም የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት። ሕጉ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ቀረ።

እንኳን የቤተሰብ ስም ሊመጣ፣ ያለንንም ስም በአንድ ዓይነት አንጽፍም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ አይነሣ። በሁለት መዝገብ ያለውን አንድ ሰው በስም ለማዛመድ የሞከረ የሙያ ባልደረባ ሁሉ የሚያውቀው ራስ ምታት ነው። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ የሚወስደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስማችን አንዱን ከሌላው አይለይም። ልብ በሉ ግን፤ ያ ለፕሮግራመር ራስ ምታት የሆነው መደበላለቅ ለተራው ሰው ሳይታወቅ የቆየ መጋረጃ ነበር። ፋይዳ መጋረጃውን አነሣ። በቦታው ምን ተተካ የሚለው ነው ጥያቄው።

ባለሱቁ ሁልጊዜ ቅዱስ አልነበረም

እዚህ ላይ ድሮን ማሞገስ ይቀናል፤ ልክ አይደለም። «ለምን ፈለግከው?» ይል የነበረው ባለሱቅ በሌላ ዘመን «እዚያ ቤት ማታ ማን ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ መላሽም ነበር። የደርግ ቀበሌም፣ የኢሕአዴግ አንድ ለአምስትም የቆመው በጎረቤት ዓይን ላይ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ አከራዮች ተከራዮቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ስጋቱን ገልጿል። ለዚያ ዲጂታል ሥርዓት አላስፈለገም፤ ስም፣ ሰፈርና ወረቀት መታወቂያ በቂ ነበሩ።

የወረቀቱ የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 መንገድ ዘግተው የቆሙ ሰዎች በመታወቂያ ላይ የተጻፈችን አንዲት ቃል እያነበቡ ይገድሉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን መስመር ዝም ብሎ አያልፈውም። ስለዚህ ፋይዳን ስተች መጀመሪያ የማመሰግነው ነገር ይህ ነው፦ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ያልተሰበሰበ ነገር አይሰረቅም፣ አይሸጥም፣ መንገድ ላይም አይነበብም። ከሁለቱ አዋጆች ውስጥ ምርጡ አንቀጽ ያልተጻፈው መስመር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛ፣ መደበላለቅ ለሁሉም መጋረጃ አልነበረም። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች አስቡ። አንዳንዷ ከገጠር ስትመጣ መሸኛ አልያዘችም፤ መሸኛ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ የባንክ ደብተር የለም፣ የስልክ ቁጥር በራስ ስም ማውጣት የለም። ለእሷ «አለመታወቅ» ነጻነት አይደለም፤ በር መዘጋት ነው። ፋይዳ የቀበሌ ነዋሪነትን ሳይጠይቅ «ይህች ሰው አለች» ማለት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሳያይ የሚተች ሰው ትችቱን ያረከሰ ይመስለኛል።

ፋይዳ ስለዚህ መጥፎ ነገር ስለሆነ አይደለም የምጽፈው። ጥሩ ነገር ስለሆነና ሁሉም በር ላይ ሊቆም ስለሆነ ነው።

ፈቃድ በባንክ መስኮት

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ብዙ መልካም ነገር አለው። ዳታ ለተወሰነና ግልጽ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዛል። ሰው ስለራሱ የተያዘውን የማየት፣ የማረም፣ የማስሰረዝና የመቃወም መብት ይሰጣል። ዳታ ሲሾልክ ለተቆጣጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር ያስገድዳል። የጤናና የአሻራ ዓይነቱን ዳታ ለይቶ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ያደርግለታል። ያነበበው ሰው የአውሮፓን ሕግ ጥላ ያያል፤ ነውር የለውም፣ ጥሩ ነገር ይቀዳል።

ግን ጽሑፉ የሚያስበው ሰው ማን ነው? አዋጁ ፈቃድን ከምሰሶዎቹ አንዱ ሲያደርግ የሚታየው ሰው ወረቀቱን አንብቦ፣ አስቦ፣ «አይ፣ አልፈልግም» ብሎ መውጣት የሚችል ነው። አሁን ይህን ሰው ሾላ ገበያ አጠገብ ካለ ባንክ መስኮት ፊት አቁሙት። ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል፤ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መርሐ ግብር በሒደት ሁሉንም ሒሳብ የሚመለከት ነው። ደመወዙ የሚገባው በባንክ ነው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው «እፈቅዳለሁ» የሚል ሳጥን ለእሱ ምርጫ ሊሆን አይችልም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ ምንም አይነግረንም።

ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለ ሶፍትዌር የተሠራው ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር ነው፤ ክፍት ኮድ ነው፣ ጥሩም ሥራ ነው። ሕንዶች ግን ከራሳቸው መታወቂያ ከአድሃር ጋር ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዘጠኝ ዳኞች ግላዊነት መሠረታዊ መብት ነው ብለው ወሰኑ። በ2018 ደግሞ ፍርድ ቤቱ አድሃር ራሱ እንዲቀጥል ፈቅዶ፣ የባንክ ሒሳብንና የስልክ ቁጥርን ከእሱ ጋር በግዴታ ማያያዝን ሻረ። ጎረቤታችን ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሁዱማ ናምባ የተባለውን መታወቂያ ሕገ ወጥ ያለው በዳታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና ነው። እኛ ጋ ምዝገባው ቀደመ፣ የመታወቂያው አዋጅ በ2015 ወጣ፣ የዳታ ጥበቃው አዋጅ በ2016 ተከተለ። ኮዱ ከባንጋሎር መጣ፤ ክርክሩ መንገድ ላይ ቀረ።

ክርክሩ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ነገሩን በሥራ ቋንቋ ላስረዳ። የባንክ ዳታቤዝ አለ፣ የሆስፒታል አለ፣ የቴሌ አለ፣ የግብር አለ። እያንዳንዱ ስለ እናንተ ጥቂት ያውቃል። ጥቂቱ ጥቂት ሆኖ የሚቆየው መዝገቦቹ እናንተን በተለያየ መለያ ስለሚጠሩ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ግን «ጆይን» የሚባል አንድ ትዕዛዝ አለ፤ አራቱን ሠንጠረዥ በዚያ ቁጥር ያገጣጥማል። ማታ ማን ጋ እንደደወላችሁ፣ ጠዋት የትኛው ክሊኒክ እንደከፈላችሁ፣ ሁለቱን ያየ ሰው የማንንም ምስጢር ሳይሰብር ገበናችሁን ያውቃል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሕግ አክብሮ ሳለ ይህ ሊሆን ይችላል።

«ለማንኛውም»

የሕጉ ትልቁ ተቃዋሚ ሰላይ አይደለም። አንዲት ቃል ናት፦ «ለማንኛውም»።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ደንበኛ የመመዝገቢያ ፎርም ላይ «ሃይማኖት» የሚል ሳጥን እንዲኖር ጠየቀን። አገልግሎቱ ከሃይማኖት ጋር ዘመድ አልነበረም። «ለምንድን ነው የሚያስፈልገው?» አልን። «ለማንኛውም ይኑር» ተባለ። ከግማሽ ሰዓት ክርክር በኋላ ሳጥኑ ወጣ፤ ያወጣነውም ሕግ ጠቅሰን ሳይሆን «ፎርሙ ይረዝማል» ብለን ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ታውቃላችሁ። «ለምን» ተብሎ ሲጠየቅ «ለማንኛውም» የሚል መልስ የሚያጸድቅ ባህል ውስጥ ነን።

ሶፍትዌር ብቻ አይደለም። ሕንፃ ሲገባ ጥበቃው መታወቂያ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ለማንኛውም። ለትንሽ ጉዳይ የመታወቂያ ኮፒ ይባላል፣ ሁለት ኮፒ ይባላል፤ ለማንኛውም። የፋይዳ ካርድ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል፤ «ላክልኝማ፣ ለማንኛውም»። የቢሮ ወረቀት በመጨረሻ የት እንደሚደርስ የምታውቁት ቆሎ ስትገዙ ነው፤ መጠቅለያውን ዘርግታችሁ አንብቡት፣ የማታውቁት ሰው ስም፣ ፊርማና ስልክ ታገኛላችሁ። በ72 ሰዓት ለማን ይነገር?

አዋጁ ለዚህ መልስ የለውም አይባልም፤ ከዓላማው በላይ አትሰብስብ ይላል። ግን «አትሰብስብ» የሚለውን የሚያስታውሰው ማን ነው? መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፎርሙን አልሠራችውም። ባለጉዳዩ ወረፋ ይቸኩላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የቴሌኮም ፈቃድ የሚሰጠውና ገበያውን የሚቆጣጠረው ያው መሥሪያ ቤት። ትልቅ ሥራ ላይ ትልቅ ሥራ ተጨመረለት። እስከ ፎርሙ ሳጥን ድረስ ወርዶ «ይህ ለምን?» እንዲል መጠበቅ ይከብዳል።

ጠያቂው መንግሥት ሲሆን

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቸልተኝነት ነው። ከቸልተኝነት የሚብሰው ደግሞ ታስቦ የሚደረገው ነው፤ ታሪካችን ባዶ አይደለም።

ሂዩማን ራይትስ ዋች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ብቸኛው ኦፕሬተር ኢትዮ ቴሌኮም በነበረበት በዚያን ጊዜ የደኅንነት ሰዎች የስልክ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያዩ እንደነበር፣ ታሳሪዎችም ለማን እንደደወሉ ፊታቸው ተዘርግቶ ይመረመሩ እንደነበር ጽፏል። ያን ጊዜም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነበረው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዞን 9 ጦማሪያን ሲታሰሩ በክሱ ውስጥ ከተቆጠረባቸው ነገር አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ገሚሱ ክሱ ተቋርጦ፣ ገሚሱ በ2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ብሎት ወጣ። የቀረው ትምህርት ግን መራራ ነው፦ ገበናን መዝጋት ራሱ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ጊዜ ነበር።

ስደትም አላዳነም። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ አሜሪካዊ ዜግነት ያለው ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ፤ የስካይፕ ጥሪውን ይቀዳ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ዘመዶቹን ስለፈራ ፍርድ ቤቱ ፊት የቆመው በመዝገብ ስሙ ሳይሆን «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው። በ2009 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋው። ዳኞቹ «ለምን ፈለጋችሁት?» ወደሚለው ጥያቄ እንኳ አልደረሱም።

አዲሱ አዋጅ ከእነዚህ ዓመታት በኋላ መጻፉ ያስደስታል። ሲነበብ ግን ለብሔራዊ ደኅንነትና ለሕዝብ ሰላም የተተወው ቀዳዳ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በየአገሩ ሕግ አለ፤ ልዩነቱ በቀዳዳው የገባው ሰው በኋላ ለማን ይመልሳል የሚለው ላይ ነው። አዋጁ በሌላ በኩል የግል ዳታ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር እንዲቀመጥ ያዛል። «የት ይቀመጥ?» የሚለው ላይ እንዲህ ጥብቅ የሆነ ሕግ «ማን፣ ለምን ከፈተው?» በሚለው ላይም ያንኑ ያህል ጥብቅ መሆን ነበረበት። ኪዳኔን ያስጨነቀው ሰርቨሩ የት እንደቆመ አይመስለኝም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ትችት ሁሉ ፖለቲካ ይቀየር ብሎ ሲያልቅ ይሰለቻል። እዚህ ግን ሁለት ነገር ቴክኒካዊ ናቸው፣ ሁለቱም ይቻላሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። ፋይዳ 12 አኃዝ ያለው ዋና ቁጥር አለው፤ በእሱ ፋንታ የሚሰጥ 16 አኃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥርም አለው። ይህን ያሰቡት መሐንዲሶች የክርስትና ስምን ሳያውቁ ደግመውታል፤ ዋናው ይሸፈን፣ ሌላው ይነገር። ሞሲፕ ከዚህም በላይ ይችላል፦ አንድ ሰው ሲረጋገጥ ለባንኩ አንድ መለያ፣ ለሆስፒታሉ ሌላ መለያ መመለስ ይቻላል። ባንኩ «አዎ፣ ይህች ሰው ናት» የሚለውን ያውቃል፤ የያዘው መለያ ግን ሆስፒታሉ ከያዘው ጋር አይገጥምም። «ጆይን» ባዶ ይመለሳል። እንጦጦ ጸበል ጋ የነበረችውን ሴት ያተረፋት ይኸው ነው። ቴክኖሎጂው አለ፤ የጎደለው «ዋናውን ቁጥር በዳታቤዛችሁ አታስቀምጡ» ብሎ ተቋማትን የሚያስገድድ መመሪያና ያንን የሚፈትሽ ሰው ነው።

ሁለተኛው ሎግ ነው። የኤስቶኒያ ዜጋ የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ መዝገቡን እንዳየ መመልከት ይችላል። ሰባት ሰዎች ካዩት ሰባቱ ይታያሉ። እኛ ጋ ከባንክ አሥር ብር ሲወጣ ወዲያው አጭር መልእክት ይመጣል፤ ስልካችን ኪስ ውስጥ ጢር ይላል። አሥር ብራችን የሚጠበቀውን ያህል ስማችን ለምን አይጠበቅም? ፋይዳችን በተፈተሸ ቁጥር «እገሌ መሥሪያ ቤት በዚህ ቀን ለዚህ ጉዳይ መዝገብዎን አይቷል» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ ያለ ጉዳይ የሚያየው ሰው እጁን ይሰበስባል። ባለሥልጣኑም ሚሊዮን ፎርም መፈተሽ አይጠበቅበትም፤ ቅሬታ የያዘ ባለቤት ራሱ ይመጣለታል። ስማርት ስልክ የሌላቸው ደግሞ አጭር መልእክት ይበቃቸዋል፤ ጭራሮ የምትሸከመውም እናት።

አንድ ነገር በእኛው በፕሮግራመሮች እጅ ነው፤ አዋጅ አይጠብቅም። ዳታቤዝ ስንነድፍ ከእያንዳንዱ መስክ ጎን «ለምን?» የሚል አምድ እንክፈት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሞላ። ካልተሞላ መስኩ ይውጣ። «ለማንኛውም» የሚለው እንደ መልስ አይቆጠር።